ፊልተር ድሮም ነበረ

ዛሬ ፊልተር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ስልካችን ነው። ቃሉ ግን ከስልክ በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ፊልም ያልተዉ ሰዎች ዘንድ ዛሬም አለው።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታጠብ ትልቁ ጣጣ ኮንትራስት ነው፤ በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት ማለታችን ነው። ልዩነቱ ሲያንስ ፎቶው ግራጫ ሆኖ ይፈዛል። ሲበዛ ደግሞ ጥቁሩ ከሰል፣ ነጩ ኖራ ይሆንና በመሃል ያለው ዝርዝር ይጠፋል። ለጠይም ፊት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የከረረ ፎቶ ዓይንን፣ ጉንጭንና ፀጉርን በአንድ ጥላ ሊውጣቸው ይችላል።

ቀድሞ መፍትሔው ወረቀት መቀየር ነበር። ወረቀቱ ከለስላሳ እስከ ጠንካራ በቁጥር ተለይቶ በየፓኮው ይሸጥ ነበር። አጣቢው ለፈዘዘ ኔጋቲቭ ጠንካራውን፣ ለከረረው ለስላሳውን ያነሣል። የፈለገው ቁጥር ካለቀበት ባለው መሥራት ነው እንግዲህ! ያም ሆኖ ለአንድ ፎቶ አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዙ ኢልፎርድ ኩባንያ መልቲግሬድ የተባለ ወረቀት አወጣ። የሐሳቡ ባለቤት ፍራንክ ሬንዊክ የተባለ የኩባንያው ሳይንቲስት ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ቅብ ለሰማያዊ ብርሃን ሲጋለጥ ጠንካራ ኮንትራስት፣ ለአረንጓዴ ሲጋለጥ ለስላሳ ኮንትራስት ይሰጣል። ታዲያ ከማጉያው መብራት ፊት ቢጫ ፊልተር ቢደረግ ሰማያዊው ይታገዳል፣ ፎቶው ይለሰልሳል። ዛሬ የሚሠራበት ማጀንታ ፊልተር ደግሞ አረንጓዴውን ያግዳል፣ ፎቶው ይከራል። አሁን ያሉት የኢልፎርድ ፊልተሮች ከ00 እስከ 5 በግማሽ በግማሽ የሚያድጉ 12 ናቸው።

በአንድ ፓኮ ብዙ ፓኮ ተተካ ማለት ነው። ከዚያም በላይ አጣቢው በአንድ ወረቀት ላይ ፊቱን በለስላሳ፣ ከጀርባ ያለውን በጠንካራ ፊልተር ማተም ቻለ። በቁጥር በተለየው ወረቀት ይሄ አይሞከርም ነበር።

ይሄ ለእኛ ምናችን ነው? በየሳሎናችን የተሰቀሉት የአያቶቻችን ፎቶዎች ከካሜራው በኋላ ሌላ እጅ አልፎባቸዋል። ስሙ ፎቶው ላይ ያልተጻፈ ሰው፣ የፊታቸው ምን ያህሉ እንደሚታይ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ወስኗል። ስለዚህ አንድ የቆየ ፎቶ ላይ ፊቱ ጠቁሮ ቢጠፋ፣ ጠፍቶ ቀረ ብለን አንደምድም። ኔጋቲቩ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ በለስላሳ ፊልተር እንደገና ሲታተም ዓይኑ ብቅ ሊል ይችላል። ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ ኔጋቲቭ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት።