አዲስ የዓሣ ማርቢያ ገንዳ፡- ዓሣ ከመግባቱ በፊት የሚደረግ የውኃ ምርመራ

ውኃን በማጣሪያ እያዘዋወሩ በገንዳ ዓሣ ማርባት በጠባብ ቦታና በውስን ውኃ ሊከናወን የሚችል ሥራ በመሆኑ፣ ዜጎች በግልም ሆነ በማኅበር ተደራጅተው ሊሰማሩበት የሚችሉበት መስክ ነው። ይሁን እንጂ ገንዳው በተሞላ ማግስት የሚገቡ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ሊያልቁና ለሥራው የዋለው ገንዘብ ሊባክን ይችላል። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት በዓይን የማይታየው የአሞኒያና የናይትራይት ክምችት ነው። ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ውኃ እንኳ ዓሣን ለመግደል የሚበቃ አሞኒያ ሊይዝ ስለሚችል፣ የውኃውን ሁኔታ ማወቅ የሚቻለው በምርመራ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ምርመራው ምንን እንደሚያካትት፣ መቼ እንደሚደረግና ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ ያብራራል።

1. የገንዳ ዝግጅት ምንነት

ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አማካይነት አሞኒያ ያስወግዳል። የተረፈ መኖም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይህንን አሞኒያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያና ናይትራይት በአነስተኛ መጠን ጭምር ጎጂ ሲሆኑ፣ ናይትሬት በአንጻሩ ጉዳቱ እጅግ ያነሰና ውኃን በከፊል በመቀየር ሊቀነስ የሚችል ነው።

በአዲስ ማጣሪያ ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን አይገኙም። እስኪራቡ ድረስ ያለው ጊዜ የዝግጅት ወቅት ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንታት ይወስዳል። የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ሥራው ይፋጠናል። በደጋ አካባቢ፣ ውኃው በማይሞቅበት ገንዳ፣ ጊዜው ከዚህም ሊረዝም ይችላል።

2. የሚመረመሩ ነገሮች

*ክሎሪን፡-* የቧንቧ ውኃ ለጤና ሲባል በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን ግን የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል፤ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ስለሆነም ውኃው ቢያንስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አየር እየተነፋበት መቆየት ወይም በሶዲየም ታዮሰልፌት መታከም ይኖርበታል። ከዚያም ክሎሪን አለመኖሩ በመመርመሪያ ይረጋገጣል።

*ፒ ኤች፡-* የአሞኒያ መርዛማነት በፒ ኤች መጠን ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል በፒ ኤች 7 ከ1 በመቶ በታች፣ በፒ ኤች 8 ወደ 5 በመቶ፣ በፒ ኤች 9 ደግሞ ወደ 36 በመቶ ይደርሳል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፒ ኤቻቸው ከፍ ያለ የውኃ ምንጮች ስለሚገኙ፣ በዚያ የሚሠሩ አርቢዎች ለዚህ ልዩ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።

*አልካሊኒቲ፡-* ባክቴሪያዎቹ እያንዳንዱን 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለውጡ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7 ግራም ገደማ አልካሊኒቲ ይጠቀማሉ። ይህ ክምችት ሲያልቅ ፒ ኤች በድንገት ይወርዳል፤ የባክቴሪያዎቹም ሥራ ይዳከማል።

*አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት፡-* የዝግጅቱን ሂደት ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

*የሟሟ ኦክስጅን፡-* ባክቴሪያዎቹ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሥፍራ በውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅን፣ በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ጠለል ከሚሟሟው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በከፍታ ቦታዎች የአየር መንፊያው አቅም ይህንን ያገናዘበ መሆን አለበት።

3. የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ገንዳው ተሞልቶ፣ ክሎሪኑ ተወግዶና ሙቀቱ ተስተካክሎ ማጣሪያውና የአየር መንፊያው ያለማቋረጥ እንዲሠሩ ይደረጋል።
2. ዓሣ ሳይገባ፣ አሞኒየም ክሎራይድ በመጨመር የውኃው የአሞኒያ ናይትሮጅን መጠን 2 ሚሊ ግራም በሊትር እንዲሆን ይደረጋል። ለ1,000 ሊትር ውኃ 7.6 ግራም ገደማ አሞኒየም ክሎራይድ ይበቃል። ሳሙና ወይም ሽቶ የተቀላቀለበት የጽዳት አሞኒያ ፈጽሞ አይጨመርም።
3. አሞኒያ፣ ናይትራይትና ፒ ኤች በየሁለት ቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመረመራሉ። አልካሊኒቲ በሳምንት አንድ ጊዜ ይለካል። ናይትሬት ናይትራይት ከታየ በኋላ መመርመር ይጀመራል።
4. አሞኒያው ወደ ዜሮ ሲቃረብ መጠኑ እንደገና ወደ 2 ሚሊ ግራም ይመለሳል። የአሞኒያው መጠን ከ5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ እንዲሆን አይመከርም፤ የባክቴሪያዎቹን እድገት ሊገታ ይችላል።
5. ፒ ኤች ከ7 በታች መውረድ ሲጀምርና አልካሊኒቲ ሲያንስ፣ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላም ልኬቱ ይደገማል።
6. እያንዳንዱ ውጤት ከቀኑና ከውኃው ሙቀት ጋር በመዝገብ ይሰፍራል።

በሽታ ታይቶበት ከማያውቅ ነባር ገንዳ የተወሰደ የማጣሪያ ቁስ መጨመር የዝግጅቱን ጊዜ ሊያሳጥር ይችላል። የጤና ሁኔታው ካልታወቀ ገንዳ የተወሰደ ግን በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

4. ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

በመጀመሪያ ከፍ የሚለው አሞኒያ ነው። አሞኒያ መውረድ ሲጀምር ናይትራይት ይወጣል፤ ለሳምንታትም ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ብዙ አርቢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ወቅት ነው። አሞኒያ ዜሮ መሆኑን ብቻ አይተው ጫጩት ያስገባሉ። ናይትራይት የዓሣን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም ስለሚያሳጣው፣ ገንዳው በቂ አየር እያለውም ዓሣው ታፍኖ ይሞታል።

ሁለት ጥንቃቄዎች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ አብዛኞቹ የናይትሬት መመርመሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትራይት ለውጠው የሚለኩ በመሆናቸው፣ ውኃው ናይትራይት ሲኖረው የናይትሬቱን ቁጥር ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ስለዚህ የናይትሬት ውጤት የሚታመነው ናይትራይት ዜሮ ሲሆን ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ መመርመሪያዎች ውጤቱን በናይትሬት፣ ሌሎች ደግሞ በናይትሬት ናይትሮጅን ይገልጻሉ። 10 ሚሊ ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን 44 ሚሊ ግራም ገደማ ናይትሬት ማለት ነው። ሁለት ውጤቶችን ከማነጻጸር በፊት መለኪያቸው አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። የመመርመሪያው የአገልግሎት ጊዜ አለማለፉም መታየት አለበት።

5. ለጨዋማ ውኃ ገንዳ የተለየ ትኩረት

በሆቴሎች፣ በምግብ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶች ለጌጥ የሚዘጋጁ የባሕር ዓሣ ገንዳዎችም በተመሳሳይ ሂደት ያልፋሉ። ይሁንና የሚከተሉት ልዩነቶች አሏቸው።

- ውኃው ለዚሁ ተግባር በተዘጋጀ የባሕር ጨው ይበጃል፤ ጨዋማነቱም 35 ግራም በሊትር ገደማ ይሆናል። የወጥ ቤት ጨው በባሕር ውኃ ውስጥ ያሉትን ካልሲየምና ማግኒዥየም በሚፈለገው መጠን ስለማይዝ አይተካውም።
- ውኃው ሲተን ጨው አይተንም። የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውኃ ነው፤ ጨዋማነቱም በየጊዜው ይለካል።
- የባሕር ውኃ ፒ ኤች ከ8.1 እስከ 8.3 በመሆኑ ጥቂት አሞኒያም አደገኛ ነው። በአንጻሩ ውኃው ብዙ ክሎራይድ ስለሚይዝ የናይትራይት መርዛማነት ከጨዋማ ባልሆነ ውኃ ያነሰ ነው።
- የመመርመሪያው የቀለም ማነጻጸሪያ ለጨዋማ ውኃ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

6. ገንዳው ዝግጁ መሆኑ የሚረጋገጠው

አሞኒያ ወደ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ተደርጎ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው ሲገኙና ይኸው ውጤት በተከታታይ ቀናት ሲደገም ገንዳው ዝግጁ ነው። ከዚያም የተጠራቀመው ናይትሬት ከፊሉን ውኃ በመቀየር ይቀነሳል። ጫጩቶች የሚገቡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ይመረመራሉ። ከሁለቱ አንዱ ከታየ መኖ ይቀነሳል ወይም ይቋረጣል፤ ክሎሪን በሌለው ውኃም ከፊሉ ይቀየራል።

ዝግጁ የሆነ ማጣሪያም ሊጎዳ ይችላል። በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውኃ ማጠብ ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል፣ ማጣሪያው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይታጠባል። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ያጣሉ፤ ስለዚህ ተጠባባቂ የአየር መንፊያ ማዘጋጀትና መብራት በተመለሰ ማግስት ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል።

ተጨማሪ የሙያ ድጋፍ የሚፈልጉ ዜጎች የምርመራ መዝገባቸውን ይዘው በአቅራቢያቸው በሚገኝ የግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ሀብት ባለሙያን ማነጋገር ይችላሉ። መዝገቡ በተሟላ መጠን ባለሙያው የችግሩን መነሻ ለይቶ ለማወቅ ይቀለዋል።