ምስክሩን ማን ይጠብቀው? የነዋሪውና የፖሊሱ ትብብር በነፋስ ስልክ ላፍቶ

ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ለቡና ጀሞ በአንድ ክፍለ ከተማ ሥር ይሁኑ እንጂ የአኗኗር ልማዳቸው አንድ አይደለም። በነባሮቹ መንደሮች ሰው ከነቤተሰቡ ይታወቃል፤ እንግዳ ሲገባ ዓይን ይከተለዋል። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ግን ዕጣ የደረሰው ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶችም ስም ለስም ላይተዋወቁ ይችላሉ። የሞባይል ነጠቃንም ሆነ ቤት ሰብሮ ስርቆትን በነዋሪው ዓይን ለመከላከል የሚታሰበው እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ዓይነት ሰፈሮች ውስጥ ነው።

አሠራሩ «ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ» ይባላል። ሰፈሩ በቀጠናና በብሎክ ይከፈላል፤ ነዋሪው ለጥበቃ ያዋጣል፤ ከነዋሪው የተውጣጡ የሰላም ሠራዊት አባላት ሌሊት ከፖሊስ ጋር ይዞራሉ፤ የቸኮለም 991 ይደውላል። በኮንዶሚኒየም ዘበኛ የሚቀጥረው የባለቤቶች ማኅበር ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋመው ይህ ማኅበር ግን ስሙ እንደሚያመለክተው የባለቤቶች ነው። ማታ ማን እንደገባ፣ የትኛው መብራት እንደተሰበረ አይቶ የሚያድረው ተከራይ በስብሰባው ድምፅ የለውም። ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ተከራይንም አባል የሚያደርጉት እድሮች በዚህ ረገድ ሰፋ ያለ በር አላቸው።

ጎረቤትን ለጸጥታ ማሰለፍ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ሥርዓት የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይቆይ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲፈጥር ቀበሌ ተወለደ፤ የቀበሌው አብዮት ጠባቂም ታጠቀ። በቀይ ሽብር ዘመን የሆነውን አዲስ አበባ አልረሳችም። የጎረቤት ጥቆማ የሰው ልጅ ከቤቱ ተወስዶ እንዳይመለስ አድርጓል። «ጠቋሚ» እና «ጆሮ ጠቢ» የሚሉት ቃላት ዛሬም የሚያስደነግጡት ስለዚህ ነው። አንድ ሽማግሌ በብሎክ ስብሰባ ላይ ዝም ቢሉ ስለ ሰፈራቸው ደኅንነት ግድ የላቸውም ብሎ መደምደም ታሪካቸውን አለማወቅ ነው።

ሊሳ ዴኒ እና ደመላሽ ካሳዬ እ.ኤ.አ. በ2013 በአማራ ክልል ላይ ያወጡት ጥናት ይህን መንታ ገጽታ በግልጽ ያሳያል። አማካሪ ምክር ቤቶችና «የቤተሰብ ፖሊስ» ሕዝቡን ከፖሊስ ጋር ማቀራረባቸውን ይመሰክራል፤ ያው መዋቅር መንግሥት ዜጋውን ለመከታተል ሊውል እንደሚችልም ያስጠነቅቃል።

ሕጉስ ነዋሪውን ምን ያህል ይደግፈዋል? በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50፣ ቢያንስ የ3 ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጸም እጅ ከፍንጅ ያየ ማንኛውም ሰው ያለ መያዣ ትእዛዝ እንዲይዝ ይፈቅዳል። የያዘውን ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስረከብ አለበት፤ መደብደብ ግን የደቦ ፍርድ ነው፤ ራሱን ወንጀለኛ ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ግልጽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከተያዘ በኋላ ነው። የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን መደበቅን፣ ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን፣ መኖሪያ መቀየርንም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ተራ ስርቆት ቢበዛ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለዚህ የጎረቤቷ ስፖኪዮ ሲነቀል ያየች የጀሞ ሱቅ ባለቤት ስሟና አድራሻዋ በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ ተከሳሹም በዋስ ወጥቶ በሱቋ በር ሊያልፍ ይችላል። ሰፈሩን የሚያስመርረው እንዲህ ያለው ወንጀል ሆኖ ሳለ፣ የሚናገረው ሰው ከጥበቃው ውጭ ቀርቷል።

አሠራሩ በሌሎች አገሮችስ ምን ውጤት አሳየ? እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በብራዚል፣ በኮሎምቢያ፣ በላይቤሪያ፣ በፓኪስታን፣ በፊሊፒንስና በዩጋንዳ የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግን ሙከራ መርምሮ፣ እምነትም አልጨመረም፣ ወንጀልም አልቀነሰም ብሏል። ካነሳቸው ምክንያቶች መካከል የአቅም እጥረት፣ የአለቆች ቸልተኝነት፣ የፖሊሶች ቶሎ ቶሎ መዛወር ይገኛሉ። ሕዝቡ ተናግሮ ምላሽ ካላገኘ በሚቀጥለው ስብሰባ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1993 በቺካጎ የተጀመረው አሠራር ዋና መለያው ደግሞ በየወሩ ይካሄድ የነበረው የሰፈር ስብሰባ ነው፤ ፖሊስ እዚያ ቀርቦ ከነዋሪው ጋር ስለ ችግሩና ስለተሠራው ይነጋገር ነበር።

ለነፋስ ስልክ ላፍቶ የሚያዋጣው ይኸው ነው። የቀጠናው ፖሊስ በወር አንድ ጊዜ ወደ እድሩ ስብሰባ ይምጣ፤ ባለፈው ወር የቀረበለት አቤቱታ ምን ላይ እንደደረሰ ተከራይና ባለቤት በተገኙበት ያስረዳ፤ ሰፈሩን እስኪለምድም ሳይዛወር ይቆይ። ሕግ አውጪው ደግሞ ከአዋጁ ጥበቃዎች መካከል ብዙ ወጪ የማይጠይቁትን፣ አድራሻን ከመዝገብ መሸሸግንና ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን፣ ለተራ ስርቆት ምስክርም ይፍቀድ።