ስለ ኢኮሎጂ መሠረታዊ ቃላትና ስለ ብቸናና ሞጣ የግብር ታሪክ

ኢኮሎጂ ሕይወት ያላቸው ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት ስፍራ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር ትምህርት ነው። ስሙን በ1866 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ሲሆን፥ ሥሩ ቤት የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው። ኤኮኖሚም ከዚሁ ሥር ይወለዳል፤ አንዱ ቤትን ማወቅ፥ ሁለተኛው ቤትን ማስተዳደር ነው። ሁለቱ ተለያይተው ሲሄዱ የሚሆነውን በምሥራቅ ጎጃም እንመለከታለን።

እንግሊዛዊው አርተር ታንስሊ በ1935 እ.ኤ.አ. ኢኮሲስተም ያለው፥ አፈሩ፥ ውሃው፥ አየሩ፥ ተክሉና እንስሳው እንደ አንድ አካል የሚሠሩበትን ሥርዓት ነው። የሞጣና የብቸና ገበሬ ይኸን ደጋ፥ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ሲለየው ኖሯል። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ከጮቄ ራስ ጅባራና አስታ ይበቅላሉ፤ ዝቅ ሲል ገብስ፥ ቀጥሎ ጤፍና ስንዴ፥ ወደ ዓባይ በረሃ ማሽላ ይዘራል። ሊቃውንት ገቺ ምክንያት የሚሉትም እዚህ ይታያል፤ በደጋው ውርጭ፥ በቆላው የዝናብ ማነስ ምርቱን ይወስናል።

የግብር ሕግ ግን መሬትን በሌላ ዓይን አየው። የ1934 ዓ.ም. ደንብ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ 15፥ 10ና 5 ብር ጣለ። ጎጃም ስለ ተቃወመ፥ በ1937 ዓ.ም. ለብቻው ደንብ ተደረገለት። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የጣለ አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ ሞጣና ብቸና ከዐመፁት አውራጃዎች ግንባር ቀደም ሆኑ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ።

የዐመፁ ምክንያት አንድ አይደለም። ሕዝቡ ልኬትና ግምት ርስቱን ነጥቆ ጭሰኛ እንዳያደርገው ሰግቷል፤ በሹማምንት በደልም ተማርሯል። ሆኖም አንድ ዓመት ለም የተባለ ማሳ በሚቀጥለው በውርጭ ባዶ ሊቀር እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው፥ ገማች የሚቈርጠው ቍጥር እምነት የሚጣልበት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች የግብር መዝገብ ስንመረምር የጋሻውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የማሳውን ከፍታ፥ አፈርና የዝናብ ሁኔታ አብረን እንድንመዘግብ እናሳስባለን። ቤቱን ሳናውቅ የባለቤቱን ቍጣ ልንረዳ አንችልም።