የሂሮሺማው ልጅ በባዶ እግሩ

በሥዕል የሚነገር ታሪክ የልጆች ማባበያ ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ግምቴን ያናጋብኝ ጃፓናዊው ኬይጂ ናካዛዋ የደረሰውና የሣለው «ጌን በባዶ እግሩ» ነው። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ሥራ ማንጋ ይሉታል። አሥሩንም ቅጾች በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቤ ስጨርስ ግን ሆዴ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ኦገስት 6 ቀን 1945፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ቦምቡ ሲወድቅ ናካዛዋ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳለ የግንቡ አጥር ከለለው። አባቱ፣ እኅቱና ታናሽ ወንድሙ ግን ቤት ተንዶባቸው፣ እሳት ደርሶባቸው አለቁ። ነፍሰ ጡር የነበረችው እናቱ ተረፈች። በዚያው ቀን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም ብዙ ወራት አልቆየችም።

እናቲቱ በ1966 አረፈች። በጃፓን ወግ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ የተረፈውን አጥንት ቤተሰብ ይለቅማል። ናካዛዋ የሚለቀም አጥንት አጣ፤ ያገኘው አመድና ስብርባሪ ነበር። ጨረሩ የእናቴን አጥንት እንኳ ወሰደብኝ ብሎ ተቆጣ። እስከዚያ ድረስ ስለ ቦምቡ ማንሳት የማይወደው ሠዓሊ ብዕሩን ወደዚያ ያዞረው ይህ ቁጣ ነው።

«ጌን» በ1973 «ሾኔን ጃምፕ» በተባለው የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ መውጣት ጀመረ። የሥራው ጉልበት ያለው እዚህ መጀመሪያው ላይ ነው። ቦምቡ ከመውደቁ በፊት ከነረሃባቸው ከቤተሰቡ ጋር ያኖረናል። አባትየው ጦርነቱን በመቃወሙ ጎረቤት ከሃዲ ይለዋል፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ይቀጣሉ። ሰፈርተኛው የሚንቀው ኮሪያዊው አቶ ፓክም አለ። እንግዲህ ደራሲው የአገሩን ሰው ንጹሕ ተበዳይ ብቻ አድርጎ አላቀረበም።

ጌን ቤተሰቡን ከፍርስራሹ ሥር ለማውጣት የሚታገልበትን ገጽ ግን ደግሜ ለማየት ድፍረት ይጎድለኛል። እውነቱን ለመናገር ናካዛዋ በዚያች ሰዓት እዚያ አልነበረም፤ የሆነውን የሰማው ከእናቱ ነው። በሥዕሉ ግን ልጁን እዚያው አቆመው። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ቢያደርግ እንወቅሰዋለን። እኔ በዚህ ልጅ ላይ ልፈርድ አልቻልኩም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ከ«ጃምፕ» ከወጣ በኋላ ታሪኩ ከመጽሔት መጽሔት ሲዘዋወር ቆይቶ፣ በመምህራን ማኅበር መጽሔት ላይ በ1987 አበቃ። ድብድቡ ይደጋገማል፤ ክፉ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ጌን በቡጢ ይመልሰዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ገጸ ባሕርያቱ ተናጋሪዎች መሆናቸው ነው። መጀመሪያ ላይ ጦርነትን መቃወም ምን እንደሚያስከፍል በአባትየው ላይ አይተናል፤ ኋላ ላይ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጥፋትና ጦሩ በእስያ ስለፈጸመው ግፍ ልጁ ንግግር ሲያደርግ እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነው፤ አፉ ግን የጌን ሳይሆን የደራሲው ነው።

እንዲህ ብዬ ልዘጋው ነበር፤ የማጹዌ ከተማ ጉዳይ አላስዘጋኝም። በዲሴምበር 2012 የከተማዋ የትምህርት ቢሮ መጽሐፉ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ እንደልብ እንዳይሰጥ አዘዘ። ምክንያቱም በመጨረሻዎቹ ቅጾች የተሣለው የጃፓን ጦር ጭካኔ ነበር። ወሬው ሲወጣ ብዙ ተቃውሞ ተነሣና በኦገስት 2013 ትእዛዙ ተሻረ። እኔ ደካማ ያልኩት ክፍል ነው የተፈራው! ድካሙን አሁንም አልክድም። ሆኖም የተሻለ ተደርጎ ቢሣል ኖሮ ያን ያህል ይፈራ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ።

የመጨረሻው ቅጽ ጌን ሥዕል ሊማር ሂሮሺማን ለቅቆ ወደ ቶክዮ ሲነሣ ያበቃል። ናካዛዋ የቶክዮውን ኑሮ በሁለተኛ ክፍል ለመሣል አስቦ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ስለሄደ በ2009 ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ፤ የማጹዌ ትእዛዝ በወጣበት በዚያው ወር በሳንባ ካንሰር ሞተ። ጌን ቶክዮ አልደረሰም።