ለቆራሌው የሰጠሁት ካርቶን

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከዋሽንግተን ደወለልኝ። ለበዓል ሊመጣ ነው። «ቲቸር፣ ምን ላምጣልዎት?» አለኝ። ጫማ ወይ የደም ግፊት መለኪያ እለው መስሎታል። «ፊልም አምጣልኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ፊልም እኮ አሁን ሁሉም ስልክ ላይ ነው፤ ዲቪዲ ማን ይገዛል?»

«እሺ፣ ‹ሂሩት አባቷ ማነው›ንስ ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«እሱ ደግሞ የማን ፊልም ነው?»

ይኸው! ይህን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ታሪክ አስተምሬዋለሁ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው፤ አንድም ቀን አንስቼላቸው አላውቅም። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ነው። ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፣ አዘጋጁ ላምብሮስ ጆካሪስ የሚባል ግሪካዊ ነበር። ቤቴ እንዲኖር ከምመኛቸው ፊልሞች የመጀመሪያው እሱ ነው።

«ቤቴ እንዲኖር» የምትለዋ ሐሳብ ራሷ ታሪክ አላት። ፊልም ለብዙ ዘመን የሚኬድበት እንጂ የሚያዝ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሰይጣኑን ቤቱ ሊወስድ የሚያስብ ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ቢያስብም አይችልም። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር ሲዘረጋ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህን የት ታስቀምጠዋለህ? በምንስ ታየዋለህ?

ነገሩን የቀየረው ካሴት ነው። ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ቪኤችኤስን በ1976 እ.ኤ.አ. አወጡ። በ1977 አንድሬ ብሌይ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ትልቁን የፊልም ኩባንያ ፎክስን አሳምኖ 50 ፊልሞችን በካሴት ለመሸጥ ፈቃድ አገኘ። ተራ ሰው የሆሊውድ ፊልም ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ የጀመረው ያኔ ነው። ኩባንያዎቹ ግን ደስ አላላቸውም። ዩኒቨርሳልና ዲስኒ «ሰው ቤቱ ሆኖ ከቴሌቪዥን ፊልም እየቀዳብን ነው» ብለው ሶኒን ከሰሱ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1984 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው ለሶኒ ፈረዱ። በአንድ ድምፅ! ያቺ አንድ ድምፅ ወደ ሌላው ወገን ብትሄድ ኖሮ የቪዲዮ ነገር ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

እኛ ሰፈር ዴክ የገባው በ1985 ዓ.ም. ነው። እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ይዛው መጣች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ፤ ሲኒማ ቤት ሆነ። ቅዳሜ ማታ ጫማ በረንዳው ላይ ይከመራል፣ ልጆች ወለሉ ላይ፣ ትልልቆቹ አልጋው ላይ። «ማዘር ኢንዲያ» በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራ የህንድ ፊልም ነው፤ እኛ ግን እንደ አዲስ አለቀስንበት። ቋንቋው ለማን ገባው? ለማንም። ግን አራጣ አበዳሪውን ማስተርጎም አላስፈለገም። እናቴ «ይሄ ሰውዬ የኛን አገር ሰው ይመስላል» ብላ እስከ መጨረሻው ስትራገመው አመሸች።

እህቴ አንድ ልማድ ነበራት። እያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ላይ ወረቀት ትለጥፍና በእስክሪብቶ የፊልሙን ስም፣ ያየንበትን ቀን፣ ማን ማን እንደነበረ ትጽፋለች። «ጥምቀት ማታ፤ እማማና ጎረቤት በሙሉ፤ መብራት ሦስት ጊዜ ሄደብን።» ከቴሌቪዥን የቀዳቻቸው የበዓል ቀልዶችም ነበሩ፤ እነ አለባቸውና ልመንህ። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የማየው። «ምን ያደርግልሻል ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?» እላት ነበር።

ከዚያ ሲዲ መጣ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤቶችን ሞሉ፤ ሰው ለ«ቀዝቃዛ ወላፈን»ና ለ«የወንዶች ጉዳይ» የተሰለፈውን ሰልፍ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቪሲዲ አንዱ የሚይዘው 74 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ አንድ ፊልም «ሲዲ 1» እና «ሲዲ 2» ተብሎ ይከፈል ነበር። ልቅሶው ሊጀመር ሲል ዲስክ ለመቀየር ተነሡ! ግን ብዙ ባለ ፊልሞች ሥራቸውን በዲስክ ለማውጣት ይፈሩ ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ቤት እስካለ ድረስ ቲኬት ይሸጣል፤ ዲስኩ ጠዋት ከወጣ ማታ ተባዝቶ መንገድ ላይ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ወጥቶ እንኳን ሥጋቱ አልለቀቃቸውም። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራቸው ነው። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ብዙ የወደድናቸው ፊልሞች ከሲኒማ ቤት ሲወርዱ ከእጃችንም ወጡ።

ሁለተኛው ምኞቴ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። የተቀረጸው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዘውዱ በወደቀበት ዓመት፤ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ፣ አንድ ባለ መሬት፣ አንድ ከበበ የሚባል ሰው «እብድ ነው» ያሉት፣ እውነቱን ግን እሱ የሚናገረው። እኔ ስለ ጭሰኛና ስለ መሬት ላራሹ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ? እናንተም «የካቲት 25 ቀን 1967» ብላችሁ ለፈተና ሸመደዳችሁ። ያንን ፊልም ክፍል ውስጥ አንዴ ባሳያችሁ ኖሮ ኖራው ይበቃኝ ነበር።

ሦስተኛው «ጤዛ» ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው። አራተኛው «ሳንኮፋ»። የ«ሳንኮፋ»ን ታሪክ በተለይ ልጆቼ ስሙ። ፊልሙ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጠፋ። ኃይሌ ገሪማ ምን አደረገ? አዳራሽ እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱ አሳየው። ከባለቤቱ ጋር ሆኖም ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚያው ስም የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ከፈተ። ፊልሙ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ድረስ ያቆየው «ስልክ ላይ አለ» የሚለው ነገር አይደለም። የያዘው ሰው ስለነበረ ነው። ስልክ ላይ ያለው ፊልም የኪራይ ቤት ማለት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ያወርዱታል፣ አንተንም አይጠይቁህም።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ።

በ2000 ዓ.ም. ቤት ስንቀይር ያ የእህቴ ካርቶን እጄ ላይ መጣ። 27 ካሴት። ዴኩ ተበላሽቷል፣ አዲሱ ቤት ጠባብ ነው፣ ዘመኑ የዲቪዲ ነው። በር ላይ «ቆራሌው!» ሲል ሰማሁ። ጠራሁትና ካርቶኑን እንዳለ ሰጠሁት። በምትኩ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ሰጠኝ። ጥሩ ንግድ የነገድኩ መስሎኝ ነበር።

እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ከጅዳ ስትመጣ ቡና ላይ «ካርቶኔስ?» አለች። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አይ አንተ፣ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝ ትላለህ» አለችኝ። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አላነሣችብኝም። ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ሳፋው ዛሬም ቤት አለ፤ ልብስ ይዘፈዘፍበታል።

«ማዘር ኢንዲያ»ን ዛሬም ማግኘት ይቻላል። እነዚያን ወረቀቶች ግን ከየት? በ1985 የአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ሰው በቤቱ ምን እንዳየ፣ ከማን ጋር እንዳየ፣ መብራት ስንቴ እንደሄደበት በየቀኑ የተጻፈ ማስረጃ ነበር። አንድ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ነገር ለማግኘት ስንት ዓመት ይለፋል። እኔ በሳፋ ለወጥኩት። ተማሪዎቼን «ምንጭ ጠብቁ» እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰው!

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ፣ እናታችሁ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ ካሴት ወይም ሲዲ ካለ አትጣሉ። የመጨረሻው የዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚሠሩት ዴኮች በየዓመቱ እያነሱ ነው። ካሴቱን በቁሙ፣ ከእርጥበት ርቆ አስቀምጡት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት ዴክ ውስጥ አታስገቡት፤ ካሴቱንም ዴኩንም ያበላሻል፣ መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ከተገለበጠ በኋላ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ከሁሉም በላይ ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሡት። ያልተጻፈበትም ከሆነ አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉበት።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ በስልክ ሲሰማ ቆየና «ቲቸር፣ እናቴ ቤት እኮ አንድ ሻንጣ ካሴት አለ፤ ልንጥለው ነበር» አለኝ። ፊልሙን ተወው አልኩት። ስትመጣ መጀመሪያ ሻንጣውን አብረን እንከፍታለን።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ ቤታችሁ እንዲኖር የምትመኙት አንድ ፊልም የቱ ነው? መጀመሪያ ያያችሁትስ ከማን ጋር ነበር? ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳትዘሉት።

ሰላም ዋሉ።