ሩር፣ ኳስና ማኅበር፦ በሰሜን ወሎ የስፖርት ማኅበራት ለምን ያድጋሉ፣ ለምንስ ይቀራሉ?

ክሪኬት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው በወደብ በኩል ነው። በሞምባሳና በዛንዚባር የእንግሊዝ ሹማምንትና ከህንድ የመጡ ነጋዴዎች በየክለባቸው ይጫወቱት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በ1975 እ.ኤ.አ. «ምሥራቅ አፍሪካ» የተባለ ቡድን በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ተሳተፈ፤ ኬንያም በ2003 እ.ኤ.አ. እስከ ግማሽ ፍጻሜ ዘለቀች። ጨዋታው ኢትዮጵያ ውስጥ ሥር ያልሰደደው ለምንድን ነው ሲባል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ በእንግሊዝ አልተገዛንም፣ ነገሩም የባሕር ዳርቻ ሰዎች ጨዋታ ነው። ሩዋንዳ ይህን መልስ ታፈርሰዋለች። ባሕር የላትም፤ የገዟትም ጀርመንና ቤልጅግ ነበሩ። ክሪኬትን ይዘው የገቡት ከ1994ቱ የዘር ፍጅት በኋላ ከኡጋንዳና ከኬንያ የተመለሱ ስደተኞች ናቸው። ማኅበራቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በ2023 ደግሞ ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች ቡድናቸው በዓለም ዋንጫ ዚምባብዌንና ዌስት ኢንዲስን አሸነፈ። እንግዲህ ጨዋታን የሚያሳድገው ወደብ ሳይሆን ተሸካሚ ነው ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ የሚገናኝ፣ ሕጉን የሚያውቅ፣ ወጪውን የሚችል የሰዎች ስብስብ። ይህ መጣጥፍ በዚሁ ዓይን የሰሜን ወሎን ሁለት ጨዋታዎች ይመለከታል።

የመጀመሪያው በልደት በዓል የሚጫወቱት ገና ነው። ጫፉ በቆለመመ ዱላ የሚመታው ሩር ከእንጨት ጉጥ ይጠረባል ወይም ከቆዳ ይሰፋል፤ ሁለት ወገን ሆኖ ወደ ተቃራኒው ዳር መንዳት ነው ፉክክሩ። አጨዋወቱ ከክሪኬት ይልቅ ለሆኪ ይቀርባል። በገጠር እንደሚጫወቱት የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ ወገን የሚለየው በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር፣ አንዳንዴም ባገባና ባላገባ ነው። በዕለቱ አሽከር ጌታውን ቢመታ ወይም ቢያሾፍበት እንደማያስቀጣው ልማዱ ራሱ ደንግጓል። ላሊበላን የያዘው ሰሜን ወሎ የልደት በዓል ዋና ምድር ስለሆነ ገና እዚህ ወደ ማኅበርነት ቢያድግ ማንንም ባላስገረመ። ግን አላደገም።

ምክንያቱን ለማየት ሲሪንቃ ትመቻለች። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ስሟ የሚነሣ የሀብሩ ወረዳ ቀበሌ ናት። ታኅሣሥ 29 የሚውለው በዓል ማሽላውና ጤፉ ከተሰበሰበ በኋላ ይደርሳል፤ ገላጣ ሜዳ የሚገኘውም ያኔ ነው። በልግ የሚዘራው ገበሬ ብዙ ሳይቆይ ማረስ ይጀምራል። የገና ሜዳ እንግዲህ በመከርና በእርሻ መካከል ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚከፈት የሰው ማሳ ነው። ክለብ ግን በየሳምንቱ የሚመለስበት ቦታ ይሻል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀን መቁጠሪያው ነው። ሀብሩ ሙስሊሙ የሚበዛበት ወረዳ ነው። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በበዓል መጠራራታቸው የታወቀ ቢሆንም፣ በአንድ ቤተ እምነት በዓል ላይ የተመሠረተ ጨዋታ የወረዳውን ወጣት ሁሉ በቋሚ አባልነት ሊያደራጅ አይችልም። እንግዳ ሆኖ መጫወትና አባል ሆኖ መዋጮ መክፈል አንድ አይደሉም።

የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከጉግስ ጋር አንድ ላይ ይዞ ሕግ ጽፎለታል፤ በብሔራዊ ውድድርም ክልሎች ቡድን ይልካሉ። ሥራው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የተጫዋቹ ቁጥር ተወስኖ፣ ዳኛ ቆሞ፣ ቡድኑ በክልል ስም ሲሰለፍ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ከጨዋታው ይወጣሉ። ሕጉ ይተርፋል፤ ተሸካሚው ግን በዓመት አንድ ጊዜ አበል ተከፍሎት የሚሰበሰብ ልዑክ ይሆናል።

እግር ኳስ በተቃራኒው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ተሸካሚ አላጣም። በ1944 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲካሄድ የተሰለፉት የየማኅበረሰቡ ክለቦች ነበሩ፦ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነው። (እንግሊዞቹ ዋንጫ ወሰዱ እንጂ ክሪኬትን ትተውልን አልሄዱም፤ ወታደር ተመላሽ ነው፣ ነጋዴ ግን ይሰነብታል።) ይድነቃቸው ተሰማ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱት። ቀጥሎ የጦር ክፍሎች፣ የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የአስመራው ቴሌ እያለ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ሁሉ ክለብ አቆመ። በክፍለ ሀገር ከተሞች ይህን ቦታ የያዘው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ «ከነማ» የሚለው ስያሜ የከተማውን በጀት ጭምር ያመለክታል።

ወልድያ የዚህ ታሪክ ቅርንጫፍ ናት። ክለቧ በ2007 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፣ በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2009 ተመለሰ፣ በ2010 መጨረሻ እንደገና ወረደ። በመካከሉ፣ ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. በለገሱት ባለሀብት በሼክ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተጠራው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። የባለሀብቱ ውለታ በከተማው ዘንድ ትልቅ ነው፤ መሆንም አለበት። ሆኖም ስጦታው የመጣው ከአንድ እጅ ነው። ባለሀብቱ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ወልድያ ከመቀሌ ከተማ ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። ክለቡን ያወረዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልደመድምም። በ2007ም ባለሀብቱ ሳይታሰሩ፣ ግጭቱም ሳይነሣ ወርዶ ነበርና። ይልቁንስ ክለቡ ከማዘጋጃ ቤት በጀትና ከደጋፊ ስሜት ሌላ ከሥሩ የሚመግበው የወረዳ ሊግ አልነበረውም የሚለው አሳማኝ ይመስለኛል። ተጫዋች ከሌላ ክለብ በፊርማ ይመጣል፤ ክለቡ ሲወርድ በፊርማው ይሄዳል።

ሩዋንዳዎች ጋሃንጋ ላይ የክሪኬት ስታዲየማቸውን የመረቁት የወልድያው ስታዲየም በተመረቀበት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ማኅበሩ ከተመሠረተ 18 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ገንዘቡም የተሰበሰበው ከብዙ ለጋሾች ነው። ሜዳው ሲከፈት የሚገቡበት ልጆች ቀድመው ነበሩ።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዘው ቆይተዋል፤ ሲሪንቃም አልዳነችም። ከዚህ በኋላ ስለ ሌላ ስታዲየም ማሰብ ቅንጦት ነው። በሲሪንቃ፣ በመርሳና በወልድያ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚሰበስቡ ተቋማት ትምህርት ቤቶቹና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው። የቀበሌ ሊግ ቢጀመር የሚጀመረው ከእነሱ ግቢ ነው፤ ገናም ቢሆን ታኅሣሥን ተሻግሮ እንዲዘልቅ ከተፈለገ ሩሩ መግባት ያለበት ወደ ትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፣ ቡድኖቹም እንደ ልማዱ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብለው።