የጆርጂያ የገበታ ዘፈን

የጆርጂያ የገበታ ዘፈን በደቡብ ካውካሰስ ባለችው ጆርጂያ በድግስ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ መሣሪያ፣ በሦስት ድምፅ የሚዘፈን ባህላዊ ዜማ ነው። ድግሱ «ሱፕራ» ይባላል፤ የቃሉ ፍቺ የገበታ ጨርቅ ነው። ገበታውን የሚመራው «ታማዳ» ጽዋውን አንሥቶ ስለ ሰላም፣ ስለ ሙታን፣ ስለ ልጆች ይናገራል፤ ሌሎቹም በየተራ ያክሉበታል። ጽዋው ሲጨለጥ ዘፈኑ ይነሣል። እንግዲህ ዘፈኑ የንግግሩ ማሰሪያ እንጂ ለማዝናኛ የተጨመረ ነገር አይደለም። ዜማውን የማይችል እንግዳ እንኳ ከዝቅተኛው ድምፅ ጋር ያዜማል።

በየገበታው የማይቀረው «ምራቫልዣሚየር» ነው፤ ብዙ ዘመን ኑር የሚል ምኞት ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዜማው እንደየአካባቢው ይለያያል።

በወይን በታወቀችው በምሥራቃዊቷ ካኸቲ ብዙኃኑ «ባኒ» የሚባለውን ዝቅተኛ ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። ትንፋሽ የሚስቡት በየተራ ስለሆነ ድምፁ አይቆረጥም። በዚያ ላይ ሁለት ዘፋኞች፣ ምት ሳያስገድዳቸው፣ ዜማውን ያንቆረቁሩታል። የዚህ ስልት ቁንጮ «ቻክሩሎ» ነው፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ከተላኩት ሁለቱ የቮያጀር መንኮራኩሮች ጋር በወርቅ በተለበጠ ሸክላ ተቀርጾ ሄዷል።

በምዕራብ፣ በጉሪያ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሦስቱ ድምፆች በየፊናቸው ይሮጣሉ፤ ከላይ ያለው «ክሪማንቹሊ» ፍቺ በሌላቸው ቃላት ከደረት ወደ ቀጭን ድምፅ እየዘለለ ይመላለሳል። ላልለመደው ጆሮ ሦስት ሰዎች የተጣሉ ይመስላል፤ ማረፊያው ላይ ግን ድንገት ይገጥማሉ።

ከገበታ ውጭም ይዘፈናል፤ ሙሽራ የሚያመጡ አጃቢዎች «ማቅሩሊ» የሚባለውን ዘፈን ያወርዳሉ። በፋሲካ «ቾና» እያሉ በየደጁ የሚዞሩት ደግሞ ዕንቁላል ይሸለማሉ።

ዩኔስኮ የጆርጂያን ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈን በ2001 እ.ኤ.አ. ድንቅ ቅርስ ብሎ አወጀው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። የሶቪየት ዘመን ያስፋፋቸው ትላልቅ የመድረክ ቡድኖች ዘፈኑን ቢያስተዋውቁም ጉዳት አድርሰውበታል፤ ለአንድ ሰው የተሠራው ክሪማንቹሊ ለብዙ ሰው ሲታደል ይደነዝዛል። በ1968 እ.ኤ.አ. የሩስታቪን ቡድን የመሠረተው አንዞር ኤርኮማይሽቪሊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተቀረጹ ሸክላዎችን ከሞስኮ መዛግብት ፈልጎ አገኘ። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ የጉሪያ ዘፋኞች ሦስት ወይም አራት ብቻ ሆነው ይሰማሉ።